ኤፍኤል-41 ሮዝ መነጽር በድሬዳዋ ፀሐይ፦ ከሳይኬደሊክ በኋላ ዓይን ላይ ለሚቀር ብናኝ

ኤልኤስዲ፣ ሳይሎሳይቢን ያለበት እንጉዳይ ወይም ሌላ ሳይኬደሊክ ወስደው፣ ዕፁ ከሰውነታቸው ከወጣ ከወራት በኋላም ዓይናቸው ወደ ቀድሞው ያልተመለሰላቸው ሰዎች አሉ። ነጭ ግድግዳ ሲያዩ ጣቢያ እንደሌለው ቴሌቪዥን ብናኝ ይርመሰመስባቸዋል። የሚወዛወዝ እጅ ከኋላው የራሱን ምስል እየጎተተ ይሄዳል። መብራት ዙሪያውን ቀለበት ይሠራል፣ ያዩት ነገር ፊታቸውን ካዞሩም በኋላ ዓይናቸው ላይ ይቆያል፣ ቀለም ከልክ በላይ ይደምቃል። በዚህ ላይ ብርሃን ይቆጠቁጣቸዋል። ድሬዳዋ ለሚኖር ሰው ከሁሉ የሚብሰው ይህ የመጨረሻው ነው።

ችግሩ ኤችፒፒዲ ይባላል፤ ሃሉሲኖጅን (የሌለ ነገር የሚያሳይ ዕፅ) ከተወሰደ በኋላ የሚቀር የእይታ መዛባት ማለት ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መዝግቦታል። በ2011 እ.ኤ.አ. በኢንተርኔት በተሰበሰበ አንድ ትልቅ ጥናት፣ መልስ ከሰጡት 2,455 የሃሉሲኖጅን ተጠቃሚዎች መካከል 60.6 በመቶው ዕፅ ባልወሰዱበት ሰዓት የዕፁን የሚመስል ነገር ዓይናቸው ላይ እንደታያቸው ተናግረዋል። ሕክምና እስከ መፈለግ ያስጨነቃቸው ግን 4.2 በመቶው ናቸው። ስለዚህ ብልጭ ብሎ የሚጠፋው የተለመደ ሲሆን፣ ኑሮ የሚያውክ ሆኖ የሚቀረው በጥቂቶች ላይ ነው። ለእነዚህ ጥቂቶች ብርሃኑን እንዲያለዝብላቸው የሚመከር መነጽር አለ፤ ኤፍኤል-41 የሚባል ቀለም የገባበት ሮዝ ሌንስ። ይህ ግምገማ ስለ እሱ ነው።

ፍርዳችንን ከመጀመሪያው እንናገር። ለብርሃን መቆጥቆጥ፣ ከዚያ ለሚመጣው ራስ ምታትና ድካም ጥሩ መነጽር ነው። ብናኙን፣ የምስል መጎተቱን፣ ቀለበቱን አያጠፋም። እንዲያጠፋላችሁ ከሆነ የምትገዙት፣ ገንዘባችሁን አስቀምጡት።

ቀለሙ መጀመሪያ የተሞከረው ከዕፅ ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው ችግር ላይ ነው። እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ውስጥ ማይግሬን ላለባቸው ልጆች ተሰጥቶ፣ በ1991 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት መሠረት የሕመሙ መነሣት በወር ከ6.2 ጊዜ ወደ 1.6 ወርዷል። ምክንያቱ ደግሞ ይህ ነው። ሬቲና ላይ (ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ላይ) ለማየት ሳይሆን የብርሃንን መጠን ለአእምሮ ለመንገር የተቀመጡ ሴሎች አሉ። በውስጣቸው ያለው ሜላኖፕሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ይበልጥ የሚነቃው ወደ 480 ናኖሜትር በሚጠጋ ብርሃን ነው፤ በሰማያዊና በአረንጓዴ መካከል ያለው ማለት ነው። ከሕመም መስመር ጋር የተያያዙትም እነዚህ ሴሎች ናቸው። ኤፍኤል-41 ከሌላው ብርሃን ለይቶ ይበልጥ የሚቆርጠው ይህን አካባቢ ነው። ስለዚህ ክፍሉ ሳይጨልም ብርሃኑ ይለዝባል።

የኤችፒፒዲ ብናኝ ግን ከዓይን አይነሣም። ተመራማሪዎች የሚያመዝኑት፣ የማያስፈልገውን ምልክት ማጣራት የነበረባቸው የአእምሮ ክፍሎች ሥራቸው ሲላላ የሚመጣ ነው የሚለውን ነው። ሳይኬደሊኮች የሚነኩት 5-ኤችቲ2ኤ የሚባለውን የሴሮቶኒን ተቀባይ ሲሆን፣ ይህ ተቀባይ በእይታ ክፍል ውስጥም በብዛት አለ። ሌንስ ከዓይን ፊት ያለውን ብርሃን እንጂ ከዓይን ጀርባ ያለውን ማጣሪያ አይደርስበትም። የመነጽሩ አቅም እዚህ ላይ የሚያበቃውም ለዚህ ነው።

ከመግዛት በፊት መደረግ ያለበት ነገር አለ፤ ይህን ዘልሎ መነጽር ቤት መሄድ አደጋ አለው። አንድ ዓይን በመዳፍ ሸፍናችሁ በሌላው ነጭ ግድግዳ እዩ፣ ከዚያ ቀይሩ። ኤችፒፒዲ በሁለቱም ዓይን እኩል ይታያል። ብናኙ ወይም ብልጭታው በአንዱ ብቻ ከሆነ ጉዳዩ የዓይኑ የራሱ ነው። በድንገት የመጣ ብልጭታ፣ በአንድ ቀን የበዛ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ከጎን እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ካለ ሬቲና እየተላቀቀ ሊሆን ይችላል፤ ያን ዕለት ሐኪም ዘንድ ይኬዳል፣ ቀጠሮ አይጠበቅም። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ እንደሚደረግላችሁ ታሳቢ አድርጉ። ከጠብታው በኋላ ለሰዓታት የቅርብ ነገር ይደበዝዛል፣ ፀሐይም አይቻልም። ጥቁር መነጽር ይዛችሁ ሂዱ፤ ሞተርም መኪናም ራሳችሁ እየነዳችሁ አትመለሱ።

ለሐኪሙ የወሰዳችሁትን ሁሉ ተናገሩ፤ ምን እንደነበር፣ መቼ እንደነበር፣ ስንት ጊዜ እንደነበር። ድል ጮራ ሆስፒታልም ሕይወት ፋና ሆስፒታልም ብትሄዱ ወይም የግል ክሊኒክ፣ ይህን የደበቀ ታካሚ ለወራት በተሳሳተ መንገድ ይመላለሳል። የምትወስዱትንም መድኃኒት ስሙን ጻፉ። ቶፒራሜትና ትራዞዶን ለምሳሌ በራሳቸው ምስል እየተጎተተ እንዲታይ ሊያደርጉ ይችላሉ። ማይግሬን ካለባችሁም ተናገሩ፤ ምንም ዕፅ ቀምሰው የማያውቁ ሰዎችም ይህንኑ የመሰለ የማያቋርጥ ብናኝ ያያሉ፣ ብዙዎቹም ማይግሬን አለባቸው። ለእነሱም መነጽሩ ብርሃኑን ሊያለዝብላቸው ይችላል።

እኛ አካባቢ ከኤችፒፒዲ ጋር የሚምታቱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ዱካክ ነው። ጫት ያቆመ ወይም የቀነሰ ሰው እንቅልፍ ሊወስደው ሲል የሚመጣበት፣ የሚያስፈራና የሚያስጨንቅ ሕልም የመሰለ ነገር። ዱካክ የሚመጣው በእንቅልፍ ደጃፍ ላይ ሲሆን፣ ኤችፒፒዲ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ሙሉ በሙሉ ነቅቶ ባለ ሰው ላይ ይታያል። ሁለተኛው አስተናግር የሚባለው ተክል ነው፤ አጤ ፋሪስ የሚሉትም አሉ። የያዛቸው አትሮፒንና ስኮፖላሚን ብሌን ስለሚያሰፉ ለቀናት የቅርብ ነገር ይደበዝዛል፣ ብርሃን ይወጋል። ይህ መርዝ ነው፤ የወሰደ ሰው ልቡ ከፈጠነ፣ አፉ ከደረቀና መቀባጠር ከጀመረ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚወሰደው። ከሁለቱም ሌላ፣ የሚያየው ነገር እውነት እንደሆነ የሚያምን ወይም ድምፅ የሚሰማ ሰው አለ። ኤችፒፒዲ ያለበት ሰው የሚታየው ብናኝ እውነት አለመሆኑን ያውቃል። ድምፅ የሚሰማውን ሰው መነጽር ቤት ሳይሆን የአእምሮ ሐኪም ዘንድ አብራችሁት ሂዱ።

ወደ ዕቃው እንመለስ። ኤፍኤል-41 በሁለት ጥልቀት ነው የሚሠራው፤ ለቤት ውስጥ ሳሳ ያለ፣ ለውጭ ጠቆር ያለ። ሠሪዎቹ 50 እና 80 የሚል ቁጥር ሊነግሯችሁ ይችላሉ፤ አንዱ የሚያስቀረውን ብርሃን፣ ሌላው የሚያሳልፈውን እየቆጠረ ስለሆነ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። "ስንት በመቶ ብርሃን ያሳልፋል?" ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም አስጽፉ። ሁለቱን በአንድ መነጽር ለማጠቃለል መሞከር ነው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት። የውጩን ቤት ውስጥ የሚያደርግ ሰው ዓይኑ ጨለማ ይለምዳል፣ ከዚያ መነጽሩን ሲያወልቅ ተራ የቢሮ መብራት ሳይቀር ይወጋዋል፤ ስለዚህ ይበልጥ ጠቆር ያለ ይፈልጋል። በሳምንታት ውስጥ ከመነጽሩ መውጣት ያቅተዋል። የቤት ውስጡንም ቢሆን የሚቆጠቁጥ መብራት ባለበት ብቻ አድርጉት እንጂ ቀኑን ሙሉ አትዋሉበት።

ድሬዳዋ መነጽር ቤት ገብታችሁ ችግራችሁን ስትነግሯቸው ብዙ ጊዜ የሚቀርብላችሁ ብሉ ከት ነው። ይህ ሌላ ዕቃ ነው። ብሉ ከት ይበልጥ የሚቆርጠው ወደ ሐምራዊ የሚጠጋውን፣ ከ400 እስከ 430 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ሲሆን፣ 480ን ከሞላ ጎደል እንዳለ ያሳልፈዋል። ሻጩ እያታለላችሁ አይደለም፤ እጁ ላይ ያለው እሱ ነው። ግን ለዚህ ችግር አይሆንም። ለፋሽን የሚሸጡ ሮዝ መነጽሮችም በመልክ ኤፍኤል-41ን ይመስላሉ እንጂ የሚቆርጡት ሌላ ነው።

ለመለየት ሻካራ የሆነ ግን የሚጠቅም ዘዴ አለ። አንድ ሲዲ ወስዳችሁ የድሮውን፣ ክር ያለውን አምፖል ብርሃን አስመቱበት፤ ቀስተ ደመናው ይታያል። አሁን ሌንሱን ዓይናችሁ ፊት አድርጉ። ትክክለኛው ኤፍኤል-41 ከሆነ በሰማያዊውና በአረንጓዴው መካከል ያለው ቦታ ጎልቶ ይጨልማል፣ ቀዩና ብርቱካናማው ብዙም አይነካም። የፋሽን ሌንስ ከሆነ ሁሉም በእኩል ይደበዝዛል ወይም አረንጓዴው ብቻ ይሳሳል። በኤልኢዲ አምፖል ይህን አትሞክሩ፤ የነጭ ኤልኢዲ ብርሃን ራሱ 480 አካባቢ ጎደሎ ስለሆነ ማንኛውም ሌንስ የቆረጠ ይመስላል። የፀሐይን ነጸብራቅም በሲዲ አትዩ።

ሲያዝዙ የሚበላሸው ነገር የሌንሱ ዓይነት ነው። ቀለሙን በደንብ የሚጠጣው ሲአር-39 የሚባለው ፕላስቲክ ነው። ሌንሱ ሊፈላ የተቃረበ የቀለም ውኃ ውስጥ ለደቂቃዎች ተነክሮ ነው የሚቀለመው። ፖሊካርቦኔት ጠንካራ ቢሆንም ቀለም አይጠጣም። ነጸብራቅ መከላከያ የተቀባ ሌንስም አይጠጣም፤ ቅቡ ቀለሙን አያስገባም፣ በሙቅ ውኃውም ይሰነጣጠቃል። "የድሮ መነጽርህን ስጠኝ፣ እሱኑ ቀለም እናስገባልህ" ከተባላችሁ መጀመሪያ ሌንሱ ቅብ እንዳለበት ይታይ። ቅደም ተከተሉ ቀለም፣ ከዚያ ጭረት መከላከያ፣ ከዚያ ነጸብራቅ መከላከያ ነው። ነጸብራቅ መከላከያውን አትተዉት፤ ከጀርባ የሚገባ ብርሃን በሌንሱ ውስጥ ተመልሶ ዓይን ውስጥ ሲገባ፣ ቀለበት ለሚታየው ሰው ሌላ ቀለበት ይጨምርበታል። ቁጥር ያለው መነጽር የምታደርጉ ከሆነ በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት በሚሊሜትር ተለክቶ ይጻፍ፤ በግምት የተሠራ ሌንስ የሚያመጣው ራስ ምታት የብርሃኑ ይመስላችኋል።

ፍሬሙ ሰፊና ፊት ላይ ጠጋ ያለ ይሁን። ድሬዳዋ ላይ ብርሃን ከላይ ብቻ አይመጣም። ደቻቱ ድልድይ ላይ በቀትር ቆሞ ወደ ደረቁ ወንዝ ያየ ሰው አሸዋው ከሥር ወደ ላይ እንዴት እንደሚያበራ ያውቀዋል። በትንሽ ፍሬም የተሠራ ምርጥ ሌንስ እዚያ ላይ ዋጋ የለውም፣ በጉንጭና በቅንድብ በኩል ሁሉም ይገባል። ዳርቻው ሰፋ ያለ ኮፍያ ግማሹን ሥራ ይሠራል።

አሁን የት ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ እንይ። ከዚራ ዛፎች ሥር በባጃጅ ስትሄዱ ብርሃንና ጥላ ፊታችሁ ላይ በፍጥነት ይፈራረቃል። ለኤችፒፒዲ ከባዱ መንገድ ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ብልጭታ ዓይን ላይ ምስል ስለሚተው አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባል። የውጩ ኤፍኤል-41 እዚህ የሚታይ ልዩነት ያመጣል፤ ምስሉ ባይጠፋም ደብዝዞ ቶሎ ይሄዳል፣ ከባጃጅ ሲወርዱም ማቅለሽለሹ ይቀንሳል። ታይዋን ገበያ ውስጥ ሱቆቹ በረጅም ፍሎረሰንት መብራት በሚደምቁበት ቦታ ደግሞ የቤት ውስጡ የተሻለ ነው። የድሮው ፍሎረሰንት በእኛ 50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ጤነኛ ዓይን ባያስተውለውም ብርሃን የሚያስቸግረውን አእምሮ ያደክማል። የትኛው መብራት እንደሚርገበገብ ለማወቅ የስልካችሁን ካሜራ አቅርቡለት፤ ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ከተንሸራተቱ እሱ ነው። የሥራ ቦታችሁ መብራት ከሆነ መነጽር ከመግዛታችሁ በፊት አምፖሉን አስቀይሩ፣ በርካሽ ይገላገላል።

ስልክ ላይ ጥቅሙ መካከለኛ ነው። ብዙ ስልኮች ብርሃናቸው ዝቅ ሲል እያጠፉ እያበሩ ነው የሚያደበዝዙት፤ ስለዚህ ብርሃኑን ከግማሽ በላይ አድርጋችሁ በመነጽሩ ማየት፣ ብርሃኑን እስከ ታች አውርዶ ያለ መነጽር ከማየት ይሻላል።

ማታ ግን ከቁም ነገር አይገባም፣ ለሚነዳ ሰው እንዲያውም አደገኛ ነው። ከ75 በመቶ ያነሰ ብርሃን የሚያሳልፍ ሌንስ በዓለም አቀፍ የመነጽር ደረጃ ለማታ መንዳት አይፈቀድም፤ የቤት ውስጡም ከዚያ ያነሰ ነው የሚያሳልፈው። የመኪና መብራት ቀለበት የሚሠራባችሁ ከሆነ መፍትሔው አለመንዳት ነው። ይህን ስንል የሐረር መንገድ ጠመዝማዛ ላይ በማታ የሚወርዱ ሰዎችን አስበን ነው።

የቀለም ጉዳይም አለ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ነጭ ነገር ሁሉ ሮዝ ይመስላል፣ ከዚያ አእምሮ ይለምደዋል። ሰማያዊና አረንጓዴን መለየት ግን እንደተዛባ ይቀራል። ጨርቅ የሚሸጥ፣ ቀለም የሚቀላቅል፣ ሽቦ በቀለሙ የሚለይ ኤሌክትሪሺያን በሥራ ሰዓት ያውልቀው።

ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸርስ? ተራ ጥቁር የፀሐይ መነጽር፣ ምድብ 3 ከሆነና (ጥቁረቱ ከ0 እስከ 4 ይመደባል) አልትራቫዮሌት የሚከላከል ከሆነ፣ ለውጭ ብቻ ርካሽና በቂ ሊሆን ይችላል፤ በአቅም ምክንያት አንዱን መምረጥ ካለባችሁ ይህን ለውጭ ይዛችሁ የቤት ውስጡን ኤፍኤል-41 አሠሩ። ምድብ 4 በጣም ጥቁር ስለሆነ ለመንዳት ክልክል ነው። ፖላራይዝድ የአስፋልትና የመኪና መስታወት ነጸብራቅን ያስወግዳል፣ የስልክ ስክሪን ግን በአንዳንድ አቅጣጫ ያጠቁራል። ፀሐይ ላይ የሚጠቁረውን ፎቶክሮሚክ ለድሬዳዋ አንመክረውም። ፎቶክሮሚክ በብርድ ይበልጥ ይጠቁራል፣ በሙቀት ይሳሳል፤ ሐረር ከፍታው ላይ ጥሩ የሚጠቁር ሌንስ ድሬዳዋ የግንቦት ቀትር ላይ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ይሳሳል። መኪና ውስጥም የፊት መስታወቱ አልትራቫዮሌቱን ስለሚያስቀር በቅጡ አይጠቁርም። ቤት ሲገቡ ደግሞ እስኪነጣ ደቂቃዎች ይወስዳል፤ በእነዚያ ደቂቃዎች ብናኙ ይበልጥ ይታያል።

አቧራና ሙቀት ሌንሱን ቶሎ ይጨርሱታል። በሸሚዝ ጫፍ ወይም በነጠላ ደረቁን አትጥረጉት፤ አሸዋው ይጭረዋል፣ የተጫረ ሌንስ ብርሃን ይበትናል፣ የተበተነው ብርሃን ቀለበትና ጭረት ሆኖ ይታያል። ሕመሙ የባሰባቸው መስሏቸው የሚደነግጡ ሰዎች ሌንሳቸው ተጭሮ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በውኃ እጠቡት፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና በጣት አዳርሱ፣ አለቅልቁ፣ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ አድርቁ። በረኪናም አሴቶንም አታስነኩት። በቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ትታችሁት አትሂዱ፤ ፕላስቲኩ በሙቀት ሲለጠጥ ቅቡ አብሮት ስለማይለጠጥ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጣጠቃል፣ ይህ ደግሞ አይጠገንም።

መነጽሩ ያለ ሌላው ነገር ብዙ አይራመድም። ሳይኬደሊክ ዳግም መውሰድ፣ ጋንጃም ማጨስ ብናኙን ሊያባብሱ ይችላሉ። በርጫ ላይ ያለው ጣጣ ደግሞ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ብሌን ማስፋቱ፣ እንቅልፍም ማሳጣቱ ነው፤ በማግስቱ ብርሃኑ የሚወጋው ግማሹ ከዚያ ነው። ምርቃናውን በአልኮል መስበሩም እንቅልፉን አይመልስም። በሐኪም የሚሞከሩ መድኃኒቶች አሉ፤ ላሞትሪጅንና ክሎናዜፓም የረዷቸው ታካሚዎች በሕክምና መጽሔቶች ተዘግበዋል፣ ሪስፔሪዶን ያባሰባቸውም እንዲሁ። ክሎናዜፓም ሱስ ያስይዛል፣ በድንገት ሲቆም የሚጥል በሽታ ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገኝበት መንገድ ቢኖር እንኳ አትሂዱበት። ለብዙ ሰው ብናኙ በወራትም በዓመታትም እየሳሳ ይሄዳል፤ ጭንቀቱ ሲቀንስ ደግሞ ቢኖርም አይታሰብም። ቀኑን ሙሉ ግድግዳ እያዩ "ዛሬ ቀነሰ ወይስ ጨመረ?" እያሉ መለካቱ ያባብሰዋል።

ቀለሙ በፀሐይ ቀስ በቀስ ይለቃል፣ በየቀኑ ስለምታዩት ግን አታስተውሉትም። ሲገዙ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሱት፤ በየስድስት ወሩ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ደግማችሁ አንሡና አስተያዩ። ደረሰኙ ላይ የቀለሙ ስም፣ የሚያሳልፈው መጠንና የሌንሱ ዓይነት ይጻፍ፤ ሁለተኛ ሲታዘዝ መነጽር ቤቱ ከዚያው ላይ አንብቦ ይሠራዋል።